የ1.7 ሚሊዮን ዶላሩ ግራንት የት የት ይሄዳል? የአንድ ክር ውሎ

በኢንተርኔት መድረክ ላይ ክሩን፣ ማለትም የውይይት ሰንሰለቱን፣ የከፈተው ሰው ጥያቄው አጭር ነበር። አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የምርምር ገንዘብ ያገኙ መምህራኑንና ሠራተኞቹን በዝርዝር አውጥቷል። ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከኤንአይኤች፣ ከአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ማለት ነው፣ ለአምስት ዓመት 1.7 ሚሊዮን ዶላር ማግኘታቸው ተጽፏል፤ አገር ቤት ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲም አጋር ተብሎ ተጠቅሷል። ታዲያ ይህ ሁሉ ገንዘብ የማን ነው? እዚያ ያሉት አጋሮችስ ሁልጊዜ ሪኤጀንት፣ የላብራቶሪ ኬሚካል ማለት ነው፣ አለቀብን የሚሉት ለምንድን ነው? ጥያቄው ውስጥ ጥርጣሬ ሸተት ይላል፤ ሰውየው ገንዘቡን ኪሳቸው የከተቱት ያስመስላል።

መልስ ሰጪዎቹን በተራ ቁጥራቸው እጠራቸዋለሁ። ቁጥር 1 እንኳን ደስ አላቸው ብሎ አለፈ። ቁጥር 2 ግን ጨዋ በሆነ ቋንቋ ጥርጣሬውን ከሥሩ ነቀለው። ግራንቱ የሚሰጠው ለዩኒቨርሲቲው እንጂ ለግለሰቡ አይደለም፤ በስጦታ ማሳወቂያው ደብዳቤ ላይ ተቀባይ ሆኖ የሚጻፈው ተቋሙ ነው፣ ፒአይው፣ ዋናው ተመራማሪ ማለት ነው፣ የሥራው ኃላፊ ብቻ ነው። ተመራማሪው ዩኒቨርሲቲ ቢቀይር እንኳ ገንዘቡ ተከትሎት የሚሄደው የቀድሞው ተቋም ለቅቄያለሁ ብሎ ከፈረመና ኤንአይኤች ካጸደቀ ነው። ዝርዝሩ ላይ መምህር ያልሆኑ ሠራተኞች መኖራቸው ለገረመውም መልስ ሰጠ፦ በኤንአይኤች በኩል ፒአይ ለመሆን የፕሮፌሰርነት ማዕረግ አይጠየቅም፤ ገደቡን የሚያወጣው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ስለሆነ የላብራቶሪ ኃላፊ ወይም የምርምር ሠራተኛ የሚያስፈልገው የተቋሙ ልዩ ፈቃድ ነው።

ከቁጥር 3 ጀምሮ ነገሩ ወደ ሒሳብ ገባ። የጻፈው ሰው በጀት ሲሠራ የኖረ መሆኑ ያስታውቃል። ቀጥተኛው ወጪ በዓመት 250,000 ዶላር ይሁን አለ። ከዚህ ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት 30,000 ለመሣሪያ፣ 20,000 ለአንድ የዶክትሬት ተማሪ የትምህርት ክፍያ፣ 70,000 ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ለሚሄደው ሰብአዋርድ፣ ማለትም ዋናው ተቀባይ ለአጋሩ ለሚያካፍለው ገንዘብ፣ ነው። የዩኒቨርሲቲው ኦቨርሄድ፣ ለተቋሙ የጋራ ወጪ የሚታሰበው ማለት ነው፣ 55 በመቶ ነው ቢባል በ250,000ው ሁሉ ላይ አይሰላም። መሣሪያውና የትምህርት ክፍያው ከነጭራሹ ይወጣሉ፤ ከሰብአዋርዱም የሚታሰበው የመጀመሪያው 50,000 ብቻ ነው፣ እሱም እ.ኤ.አ. እስከ 2024 መጸው ድረስ 25,000 ነበር። ስለዚህ ማስሊያው፣ ኦቨርሄዱ የሚሰላበት ገንዘብ፣ 180,000፣ ኦቨርሄዱ 99,000፣ የዓመቱ ድምር 349,000 ይሆናል። ይህን በአምስት አባዝቶ 1,745,000 አወጣና ከዜናው ቁጥር ጋር ተቀራርቧል ብሎ ተወው።

ቁጥር 4 ይህን ሲያይ ደሙ ፈላ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ከግማሽ በላይ ይበላሉ ማለት ነው ብሎ ረጅም አንቀጽ ጻፈ፤ ከቃለ አጋኖው በቀር የሚያዝ ነገር አልነበረውም። ቁጥር 5 ዝም ብሎ አካፈለለት፦ 99,000 ለ349,000 ሲካፈል 28 በመቶ ከምናምን ነው፣ ምክንያቱም 55 በመቶው የሚጨመረው በማስሊያው ላይ እንጂ ከድምሩ የሚቀነስ አይደለም። መሣሪያም ትምህርት ክፍያም ሰብአዋርድም በሌለበት ግራንት እንኳ ከድምሩ 35 በመቶ ተኩል ገደማ ነው የሚሆነው። ኦቨርሄዱ የሚሸፍነው መብራቱን፣ ሕንፃውን፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴውን፣ የግራንት ቢሮውን ነው፤ ከዚህ ውስጥ የአስተዳደሩ ድርሻ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ከ26 ነጥብ እንዳይበልጥ ተገድቧል።

ቁጥር 6 ደግሞ የቁጥር 3ን ማባዛት አልወደደውም። የሰብአዋርዱ 50,000 የሚታሰበው በውሉ ዕድሜ አንድ ጊዜ ነው፣ በየዓመቱ አይደገምም። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ 70,000ው በሙሉ ከማስሊያው ይወጣል፤ መሣሪያም አይገዛም፤ ማስሊያው 160,000፣ ኦቨርሄዱ 88,000፣ የዓመቱ ድምር 338,000 ይሆናል። አራቱ ዓመት 1,352,000፣ ከመጀመሪያው ጋር 1,701,000። የ44,000 ዶላር ልዩነት ነው፤ በዚህ ስህተት የተላከ በጀት ከግራንት ቢሮው ተመልሶ የሚመጣው ማስገቢያው ቀን ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ከክሩ ሁሉ ንጹሕ ሥራ ይህ ይመስለኛል፤ ቁጥር 3ም ተመልሶ አመሰገነ።

ስለ ደመወዝ ያነሳው ቁጥር 7 ነው። ፒአይው ከጊዜያቸው 20 በመቶ፣ በኤንአይኤች አቆጣጠር 2.4 የሰው-ወር፣ ቢመድቡና ደመወዛቸው 140,000 ቢሆን ግራንቱ 28,000 ይከፍላል፤ 28 በመቶ ጥቅማ ጥቅም ሲጨመር 35,840። ይህ ግን በደመወዝ ላይ ደመወዝ አይደለም። በ12 ወር ቅጥር ላይ ያለ ሰው የሚያገኘው ያው ነው፤ የሚለወጠው ከፋዩ ነው። ተጨማሪ የሚያገኘው በ9 ወር ተቀጥሮ የክረምቱን ወራት ከግራንት የሚወስደው ነው። ለኤንአይኤች ሊጠየቅ የሚችለው ዓመታዊ ደመወዝም እ.ኤ.አ. በ2025 ጣሪያው 225,700 ዶላር ነበር፤ ከዚያ በላይ የሚከፈለውን ዩኒቨርሲቲው ከራሱ ይሸፍናል። ከ250,000ው ላይ መሣሪያው፣ የትምህርት ክፍያው፣ ሰብአዋርዱና ይህ ደመወዝ ተነስቶ ከቀረው በኤንአይኤች የ2025 እርከን ለጀማሪ የሚከፈለውን 62,232 ዶላር ከጥቅማ ጥቅሙ ጋር ለአንድ ፖስትዶክ፣ ዶክትሬቱን ለጨረሰ ጀማሪ ተመራማሪ ማለት ነው፣ ብታወጡ በመጀመሪያው ዓመት ለሪኤጀንት፣ ለጉዞና ለኅትመት የምትተርፈው 14,500 ገደማ ናት፤ የተማሪው ወርኃዊ ክፍያ ገና ሳይነሳ። ፖስትዶክና ተማሪ ባንድ ግራንት እይዛለሁ ያለ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል።

ከዚህ በኋላ ሰዉ ሁሉ ወደ 70,000ው ዞረ።

ቁጥር 8 የአገር ቤቱን ስሌት አወጣ። ኤንአይኤች ለውጭ ተቋማት የሚፈቅደው ኦቨርሄድ 8 በመቶ ነው፤ መሣሪያ እዚህም አይታሰብም። 16,000 ዶላር የሚያወጣ የ-80 ዲግሪ ፍሪዘር ይገዛ ቢባል፣ ከቀረው 54,000 ውስጥ 50,000ው ለሥራው፣ 4,000ው ለዩኒቨርሲቲው ነው። አንድ ማስጠንቀቂያም ጨመረ፦ መሣሪያ ለመባል መነሻው ዋጋ ከ5,000 ወደ 10,000 ዶላር ከፍ ስላለ 9,500 የሚያወጣ ፍሪዘር አላቂ ዕቃ ተብሎ 8 በመቶው ይጨመርበታል፤ ተቋሙ የራሱ ዝቅ ያለ መነሻ ካለው ደግሞ የሚሠራው የተቋሙ ነው። ፍሪዘሩ ሲገዛ ስታቢላይዘሩና ከጄኔሬተሩ ጋር የሚያገናኘው መስመር በዚያው በጀት ካልተያዘ በሁለተኛው ዓመት ለእነሱ ገንዘብ አይገኝም፤ ኮምፕረሰሩ የሚቃጠለው ደግሞ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በሚመጣው የቮልቴጅ መዋዠቅ ነው።

ቁጥር 9 በ4,000 ዶላር የትኛው ፋይናንስ ክፍል ነው የኦዲት ሰነድ የሚያደራጀው ሲል ጠየቀ። የአውሮፓ ኅብረት ሆራይዘን የምርምር ፕሮግራም ለሁሉም 25 በመቶ ሲከፍል፣ አሜሪካኖቹ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 የአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎቻቸው ኦቨርሄድ በ15 በመቶ ይገደብ ሲባል ምርምር ሊቆም ነው ብለው ፍርድ ቤት ሄደው አሳገዱት። በ8 በመቶ ለኖረው ግን ማንም ፍርድ ቤት አልቆመለትም። ምሬቱ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ማንም መልስ አልሰጠውም።

ቁጥር 10 የጻፈው ይታተምና በየምርምር ቢሮው ይለጠፍ የሚያሰኝ ነው። ሰብአዋርድ የሚቀበል ተቋም ዩኢአይ የሚባል የአሜሪካ መንግሥት መለያ ቁጥር ያስፈልገዋል። ሲያመለክት የአካል አድራሻ ይጠየቃል፤ ፖስታ ሳጥን አይቀበሉም። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ በማኅተማቸውም በደብዳቤያቸውም ላይ ያለው ፖስታ ሳጥን ነው። መፍትሔው ከተማ፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የመንገድ ስም የያዘ፣ ከማቋቋሚያው ሰነድ ጋር የሚመሳሰል ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞና ተረጋግጦ ማቅረብ ነው። ስሙም በዩኢአይው፣ በውሉና በባንክ ሒሳቡ ላይ በፊደል ደረጃ አንድ መሆን አለበት። ከተማው በአንዱ ሰነድ በአንድ አጻጻፍ፣ በሌላው በሌላ ከሆነ፣ ወይም የባንኩ ሒሳብ በፕሮጀክቱ ስም ተከፍቶ ውሉ በዩኒቨርሲቲው ስም ከሆነ ገንዘቡ መካከለኛው ባንክ ጋ ተይዞ ይከርምና ክፍያ ተቀንሶበት ይመለሳል። ሰብአዋርድ በተለምዶ መጀመሪያ አውጣ፣ ከዚያ በኢንቮይስ ጠይቅ በሚል ሥርዓት የሚሄድ ነው። ዶላር አስቀድሞ የሚያወጣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስለሌለ ውሉ ከመፈረሙ በፊት የሦስት ወር ቅድሚያ ክፍያ በአንቀጽ እንዲገባ መጠየቅ ነው፤ ከተፈረመ በኋላ ማስለወጥ ወራት ይፈጃል። ክሩን የከፈተው ሰው ለጠየቀው የሪኤጀንት ጉዳይ ቀጥተኛው መልስ ይኸው ነበር፤ ገንዘቡ ተፈቅዷል፣ ግን ገና አልደረሰም።

ቁጥር 11 ላይ ጸቡ ተጀመረ። ጥፋቱ ሁሉ የአገር ቤት ፋይናንስ ነው፣ ፊርማ ሲያመላልሱ ዓመቱ ያልቃል አለ። ቁጥር 12፣ ከወንበሩ በዚያኛው በኩል የተቀመጠ ሰው መሆኑ ግልጽ ነው፣ አልማረውም። ተመራማሪዎቹ ደረሰኝ የሚያመጡት በጀቱ ሊዘጋ ወር ሲቀረው ነው፤ ሦስት ፕሮፎርማ ሳይሰበስቡ ከሚያውቁት አስመጪ ገዝተው ክፈልልን ይላሉ፤ ዕቃው በሞዴል 19፣ በንብረት መቀበያ ቅጹ፣ ገቢ ሳይሆን በቀጥታ ላብራቶሪ ይገባል፤ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቀው የፈረመው የፋይናንስ ሰው ነው። ከተቆጣ በኋላ ግን ረጋ ብሎ ክሩ ውስጥ ሌላ ማንም ያላነሳውን ጻፈ። የክፍያ ማዘዣዎችና የአበል ቅጾች በእኛ አቆጣጠር ይሞላሉ። አሜሪካ ያለው የግራንት ቢሮ መስከረም 2017 የሚል ሰነድ በ2024 ፕሮጀክት ውስጥ ሲያይ ከፕሮጀክቱ ጊዜ ውጭ ብሎ ይጥለዋል። በእያንዳንዱ ማዘዣ ላይ ሁለቱም ቀኖች ይጻፉ፤ ከኢንቮይሱ ጋር የወራቱ ማመሳከሪያ አንድ ገጽ ይያያዝ። የሰዓት መቆጣጠሪያው ላይ ጠዋት 2 ሰዓት ገባ የሚለውም እንዲሁ ነው። ጳጉሜን ለብቻዋ ደመወዝ የላትም፤ ሥራ ግን አለባት። ስለዚህ የሥራ ሰዓት ቅጹን በፈረንጅ ወር መሥራት፣ ካልሆነም ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር አዋህዶ ይህንኑ በግርጌ መጻፍ ነው፤ አለበለዚያ አምስቱ ቀን ማንም ያልሠራባቸው ሆነው ይታያሉ። የገጠር መረጃ ሰብሳቢ ደረሰኝ ከማያገኝበት ቀበሌ ሲመለስ ስም፣ ቀን፣ መንደር፣ መጠንና ፊርማ የያዘ ዝርዝር በቡድን መሪው ተረጋግጦ ይበቃል፤ የአበሉ ልክ ግን ተቋሙ በጽሑፍ ካለው መመሪያ መብለጥ የለበትም።

ቁጥር 11 ለዚህ አጸፋ ሳይሰጥ ቀረ።

ቁጥር 13 ስለ ምንዛሪው አነሳ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ570,000 ብር ተሰልቶ 10,000 ዶላር የተያዘለት የመስክ ሥራ ምንዛሪው እጥፍ ሲሆን 5,000 ብቻ ይበላል። ጥሩ ይመስላል፤ ግን የተረፈው 5,000 ዝም ብሎ ወደ ቀጣዩ ዓመት አይሻገርም፤ በብዙ ሰብአዋርድ ውሎች የዋናውን ተቀባይ ፈቃድ ይጠይቃል። በዋናው ግራንት በኩል ደግሞ ከዓመቱ በጀት ከ25 በመቶ በላይ ከተረፈ በዓመታዊው ሪፖርት ላይ ማብራሪያ መጻፍ ግዴታ ነው። ምንዛሪው በተቃራኒው ቢሄድ ኤንአይኤች ኪሳራውን አይከፍልም። ስለዚህ መረጃ ሰብሳቢና ነዳጅ ሲወደድ የአበል መመሪያውን ቶሎ ማሻሻልና ኢንቮይሱን ገንዘቡ በተመነዘረበት ቀን የባንክ ማስረጃ መሥራት ይሻላል ይላል። ይህ የምንዛሪ ነገር በክሩ ውስጥ ከተነሱት ሁሉ ይበልጥ ሰው የሚረሳው ነው።

ከዚያ ክሩ ከመንገዱ ወጣ። ቁጥር 14 ፒአይዋ ወይም ፒአይው ወደ አገር ቤት ሲመጡ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ይምጡ፣ ገንዘቡ ለአገር ይትረፍ አለ። ቁጥር 15 በፌዴራል ገንዘብ የሚጓዝ ሰው የአሜሪካ አየር መንገድ መያዝ አለበት የሚል ሕግ መኖሩን ጠቅሶ ከለከለ፤ ቁጥር 14ም ይህማ ንቀት ነው ብሎ ተሳደበ። ያስታረቃቸው ቁጥር 16 ነው። ሕጉ አለ፤ የአውሮፓ ኅብረት አየር መንገዶች በስምምነት ተፈቅደዋል፣ የእኛ የለበትም። ነገር ግን ወደ አዲስ አበባ የሚበር የአሜሪካ አየር መንገድ የለም። በእነሱ ተይዞ አውሮፓ ላይ መቀየር ጉዞውን በ6 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚያራዝም ከሆነ፣ ወይም መቀየሪያው ላይ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚያስጠብቅ ከሆነ ልዩ ሁኔታው ይሠራል። ትኬቱ በተቆረጠበት ቀን የሁለቱን በረራዎች ሰዓት ጎን ለጎን አትሞ ከቅጹ ጋር ማያያዝ ነው። ርካሽ መሆኑ ግን ምክንያት አይሆንም፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው ዋጋውን ጽፎ ሰዓቱን ስለሚተው ነው። ትኬቱ በአሜሪካው አየር መንገድ የበረራ ቁጥር ተቆርጦ አውሮፕላኑ የእኛ ከሆነማ ችግሩ ከነአካቴው የለም።

ቁጥር 17 ሁሉንም ወደ ጉዳዩ መለሰ፤ አነጋገሩ ጠንከር ያለ ነው። የምታወሩት ሰብአዋርድ እኮ በነበረበት የለም አላቸው። ኤንአይኤች እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 2025 የውጭ ሰብአዋርድ ያለበት አዲስም ሆነ የሚታደስ ግራንት በቀድሞው መልኩ እንደማይሰጥ አስታወቀ፤ በምትኩ የውጭው አጋር ከዋናው ጋር የተያያዘ የራሱን ግራንት በቀጥታ ከኤንአይኤች የሚቀበልበት አሠራር መጣ። ትርጉሙ ከባድ ነው። ቀድሞ የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ይሸከመው የነበረው ምዝገባ፣ ሪፖርትና የሒሳብ መዝጊያ አሁን አገር ቤት ባለው ቢሮ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ዩኢአይ ብቻ አይበቃም፤ ሳም በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት መዝገብ ሙሉው ምዝገባ ያስፈልጋል፣ ምዝገባውም በየዓመቱ ይታደሳል። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የውጭ ሰብአዋርድ ተቀባዮች የላብራቶሪ መዝገባቸውንና መረጃቸውን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ለዋናው ተቀባይ ክፍት እንዲያደርጉ ተጠይቆ ነበርና፣ ያን ጊዜ መዝገቡን በየወሩ ስካን ማድረግ የለመደ ቡድን አሁን አይቸገርም፤ ያልለመደው ግን ይቸገራል። ቁጥር 17 በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ መልካም ነገር ያየው ገንዘቡ በቀጥታ ስለሚመጣ የዋናው ዩኒቨርሲቲ ኦቨርሄድ በዚያ 50,000 ላይ አለመታሰቡን ነው።

ክሩን የከፈተው ሰው ይህን ጊዜ ተመልሶ መጣ። ጥርጣሬውን ትቶ እሱ ራሱ አገር ቤት ባለ ትምህርት ክፍል በኩል በኦክቶበሩ ዙር ሊያመለክት እንደሚፈልግ ገለጸና ደብዳቤውን ማን ይፈርም፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይበቃሉ ወይ ብሎ ጠየቀ።

ቁጥር 18 አይበቁም አለው፤ ዲኑም አይበቁም። የሚፈርመው ተቋሙን በሕግ ለማስገደድ ሥልጣን ያለው ሰው ነው፣ ስሙም በኤንአይኤች ሥርዓት ውስጥ ፈራሚ ሆኖ መመዝገብ አለበት። የአዳዲስ አር01፣ ዋነኛው የኤንአይኤች የምርምር ግራንት ማለት ነው፣ ማመልከቻዎች ማስገቢያ ፌብሩዋሪ 5፣ ጁን 5 እና ኦክቶበር 5 ነው። የመጨረሻው የሚውለው መስከረም 25 ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ጳጉሜን፣ እንቁጣጣሽና መስቀል አሉ፣ ቢሮው ግማሹ ዕረፍት ላይ ነው። በጀቱንና የሥራ ዝርዝሩን ሐምሌ ላይ ጨርሶ ፊርማውን ነሐሴ ሳያልቅ መያዝ ነው። የዩኢአይውን ነገር ግን ነገውኑ ይጀምር፣ የፖስታ ሳጥኑን ደብዳቤ ብቻውን ማስተርጎምና ማረጋገጥ ሳምንታት ይፈጃል።